ስለ ጥንታዊ የባሩድ መሣሪያና ስለ ቅጂው ዋጋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በታሪክ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)





ዛሬ የምንናገረው ስለ ጥንታዊ የባሩድ ጠመንጃና ሽጉጥ፣ ይልቁንም እውነተኛውን ከቅጂው ለይቶ ዋጋውን ስለ ማወቅ ነው። ተማሪን ጦር መሣሪያ ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፤ የምንሻው መሣሪያውን ሳይሆን የያዘውን ታሪክ ነው።

በገላን ኮንዶሚኒየም የምንኖር ቤተሰቦች ብዙዎቻችን ከልዩ ልዩ ሠፈር የመጣን ነን። ቤት ሲለወጥ፣ ጠባቡ ክፍል የማይችለው ዕቃ ሁሉ ለቁራሌው ይሰጣል። የአያት ዝናር፣ የባሩድ ቀንድ፣ የዛገ አፈሙዝ በብረትነቱ ተመዝኖ ይሄዳል። አብሮት የሚሄደውን ታሪክ ግን የሚመዝን ሚዛን የለም።

እንደሚታወቀው አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ነገር ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ጦርነት በሆነ ጊዜ፣ እንግሊዞች የያዙት በስተኋላ የሚጎርሰውን፣ የእኛ ሰው ስናድር ብሎ የሚጠራውን ጠመንጃ ነበር። በአፈሙዙ ባሩድ የሚጠቀጥቀው ወገናችን አንድ ጊዜ እስኪያጎርስ ድረስ እነርሱ ደጋግመው ይተኩሱ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። እንግዲህ የአንድ ሽጉጥ ዋጋ በብረቱ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ ይታወቃል።

ታዲያ ቅጂ ዋጋ የለውምን? አለው። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ለመታሰቢያ የቆመው ሴባስቶፖል ቅጂ ነው፤ እውነተኛው በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ሆኖም ቅጂው ቅጂ መሆኑን አልደበቀም፤ መቅደላ ለመውጣት ላልቻለ ሰው ያስተምራል።

በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ኮልት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 ያወጣው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት 100ኛ ዓመት በተቃረበ ጊዜ፣ ይኸውም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በኢጣልያ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ እየተመሰለ ይሠራ ጀመር። እነዚህ ቅጂዎች የመንግሥት መፈተኛ ማኅተምና የተፈተኑበትን ዓመት የሚገልጥ ምልክት አላቸው፤ እስከ 1974 በሮማ ቁጥር፣ ከ1975 ወዲህ በሁለት ፊደል። አታላይ ሰው ግን ምልክቱን በሞረድ ፍቆ፣ ብረቱን በአሲድ አዝጎ፣ የጥንት ነው ብሎ ይሸጠዋል። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደ ተባለው፣ እውነተኛውን የማያውቅ ገዢ ይታለላል።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ምልክቱ ምን ይላል? በየክፍሉ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ነውን? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ? ሦስተኛው ይበልጣል፤ ሁለቱን ብረቱ ራሱ ይነግረናል፣ ይኸን ግን ሽማግሌው ካልነገሩን ማንም አይነግረንም። አሮጌውንም ብረት በብርጭቆ ወረቀት አናሻሸው፤ ያበራል እንጂ ዕድሜው ይፋቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በአሮጌ አፈሙዝ ውስጥ ከብዙ ዘመን በፊት የተጠቀጠቀ ባሩድ ሊኖር ይችላልና ማንም ተማሪ አይነካካው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረትም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ስለ ሆነ፣ ነገሩን ወላጆች ለፖሊስ ያስታውቁ።

እኛ የምንሰበስበው ቃሉን ነው። ውጅግራ የሚለውን ስም አያቶቻችን ያወጡት ፉዚል ግራ ከተባለው እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በየቤታችን በሽማግሌዎች አፍ አለ። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከቁራሌው ቀድመን፣ አንድ ደብተር ይዘን፣ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ለክበቡ እናምጣ። ብረት ቢጠፋ ቅጂ ይሠራለታል፤ ሳይጻፍ ለጠፋ ቃል ግን ቅጂ የለውም።

ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያኑርልን።