ስለ ወራጅ ባትሪና ስለ ኤሌክትሮዱ ጥበብ

(ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እህል በጐተራ ይከተታል፤ ውሃም በጋን ይቀመጣል። የኤሌክትሪክ ኀይል ግን እንደ እህልና እንደ ውሃ አይደለም፤ በመነጨበት ቅጽበት ካልተሠራበት ወይም ወደ ሌላ ዐይነት ኀይል ተለውጦ ካልተጠራቀመ በቀር ለነገ አይቆይም። ፀሐይ በቀን ታበራለች እንጂ መብራት በሚያስፈልግበት በምሽት አትገኝም፤ ነፋስም አንድ ጊዜ ይበረታል፥ አንድ ጊዜ ያርፋል። ስለዚህ ከፀሐይና ከነፋስ ኀይል ለማግኘት የሚደክሙ ሁሉ፥ «የቀኑን ለሌሊት የሚያቆየው ጐተራ የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ሳያጋጥማቸው አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ወራጅ ባትሪ የሚባለው ነው። የዚህም ንግግር ዓላማ የባትሪውን አሠራር፥ ይልቁንም ኤሌክትሮድ የተባለውን ክፍሉን፥ ለአስተማሪ በሚጠቅም መንገድ መግለጽ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በተለመደው ባትሪ፥ ኀይሉን የያዘው ነገርና ኀይሉ የሚለወጥበት ስፍራ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ። በወራጅ ባትሪ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ኀይሉን የያዙት ሁለት ፈሳሾች በሁለት ትልልቅ ጋኖች ይቀመጣሉ፤ ፓምፕ እየገፋ ወደ ሴሉ ያመጣቸዋል። በሴሉ ውስጥ ፈሳሾቹ እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው ስስ ገለፈት ተጋርዷል፤ በግራና በቀኝ በተቀመጡት ኤሌክትሮዶች ውስጥ ሲያልፉም አንዱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፥ ሌላው ይቀበላል። ኤሌክትሮኑ በውጭ ባለው ሽቦ ሲሄድ አምፑል ያበራል፥ ሞተርም ያዞራል። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ይኸው ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ነገሩን በወፍጮ ምሳሌ ለመረዳት ቀላል ነው። በጐተራው ያለው የእህል ብዛት ለስንት ቀን እንደሚፈጭ ይወስናል፤ በአንድ ሰዓት ስንት ቁና እንደሚፈጭ የሚወስነው ግን ወፍጮው ነው። እንዲሁም የጋኑ ትልቅነት ባትሪው ለስንት ሰዓት እንደሚያገለግል ሲወስን፥ የኤሌክትሮዱ ስፋትና ጥራት ባትሪው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኀይል እንደሚሰጥ ይወስናል። ጋን መጨመር ቀላል ነው፤ ወፍጮውን ማሻሻል ግን ብዙ ምርምር ይጠይቃል።

የዛሬዎቹ ወራጅ ባትሪዎች ታሪክ በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ከተደረገ ምርምር ጋር የተያያዘ ነው። በኦሃዮ ግዛት፥ በክሊቭላንድ ከተማ፥ በዚያን ጊዜ ሉዊስ ይባል በነበረው የናሳ የምርምር ማዕከል፥ ሎውረንስ ታለር የተባሉ ሊቅ ብረትንና ክሮሚየምን በአሲድ አሟሙተው የሚሠራ ባትሪ አጠኑ፤ ለሥራቸውም በ1976 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች ገጠሙ። የመጀመሪያው፥ ገለፈቱ ምንም ቢከላከል ብረቱና ክሮሚየሙ ጥቂት በጥቂት ወደ ሌላው ወገን ማለፋቸው አልቀረም። ሁለተኛው፥ ክሮሚየም በኤሌክትሮዱ ላይ የሚሠራው በዝግታ ስለ ሆነ፥ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ከፊሉ ሃይድሮጂን የተባለውን ጋዝ በማውጣት ይባክን ነበር።

የመጀመሪያውን ችግር ያቃለለው ሥራ የተፈጸመው በአውስትራሊያ ነው። በሲድኒ ከተማ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማሪያ ስኪላስ-ካዛኮስ፥ ከግሪክ አገር ከካሊምኖስ ደሴት በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አውስትራሊያ የተሰደዱ ሴት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ዓመታት በሁለቱም ጋኖች አንድ ዐይነት ንጥረ ነገር፥ ማለት ቫናዲየምን፥ የሚጠቀም ባትሪ ሠሩ። በሁለቱም ወገን ያለው አንድ ከሆነ፥ ጥቂቱ ገለፈቱን ቢያልፍ እንኳ ለጊዜው የተጠራቀመው ኀይል ይቀነሳል እንጂ ፈሳሹ ለዘለቄታው አይበላሽም።

ቫናዲየም ለመምህራን እጅግ የተመቸ ንጥረ ነገር ነው። በ1830 ስም ያወጡለት ስዊድናዊው ኬሚስት ሴፍስትረም፥ የሚሰጣቸውን ያማሩ ቀለሞች አይተው፥ የሰሜን ሰዎች የውበት አምላክ አድርገው ይቈጥሯት በነበረችው በቫናዲስ ስም ጠርተውታል። በአሲድ ውስጥ ሲሟሟ በአራት ደረጃ ይገኛል፤ ሐምራዊ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊና ቢጫ ነው። ባትሪው ሲሞላ የአሉታዊው ጋን ፈሳሽ ሐምራዊ፥ የአዎንታዊው ቢጫ ይሆናል፤ ኀይሉን ሲሰጥ ደግሞ ሐምራዊው ወደ አረንጓዴ፥ ቢጫው ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ተማሪ በመጽሐፍ የሚያነበውን የኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል በዐይኑ ሊያየው ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን የቫናዲየም ውሁዶች መርዝነት ስላላቸው ሙከራው ያለ ጥንቃቄ ሊደረግ አይገባም።

ሁለተኛው ችግር፥ ማለት የኤሌክትሮዱ ነገር፥ ከዚህ በኋላም አላበቃም። ፈሳሹ ብርቱ የሰልፈሪክ አሲድ ስለ ሆነ የተለመደውን ብረታ ብረት ይበላዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ ከካርቦን ይሠራል። ሰው ሠራሽ ክር አየር በሌለበት በብርቱ ሙቀት ሲከስል የካርቦን ክር ይሆናል፤ ይህም ሳይሸመን እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ ተደርጎ፥ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ይወጣዋል። አንዱ ክር ከሰው ጠጕር በብዙ የቀጠነ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ከመቶ ቦታ ቢከፈል የአንዱን ክፍል ያህል ነው። ከንጣፉም ይዞታ ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው ፈሳሹ የሚያልፍበት ባዶ ስፍራ ነው።

ከዚህ ንጣፍ ሦስት አገልግሎት ይፈለጋል። አንደኛ፥ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ማስተላለፍ አለበት። ሁለተኛ፥ ቫናዲየሙ ኤሌክትሮን የሚሰጥበትና የሚቀበልበት ሰፊና ምቹ ገጽ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፥ ፈሳሹን ሳያስጨንቅ ወደ ሁሉም ማእዘን ማዳረስ አለበት። የጥበቡ ችግር እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸው ነው። ንጣፉ አጥብቆ ቢጨመቅ ክሮቹ ስለሚነካኩ ኤሌክትሪክ በደኅና ያልፋል፤ ነገር ግን የፈሳሹ መንገድ ይጠብና ፓምፑ ብዙ ኀይል ይበላል። ክሮቹ ቢቀጥኑና ቢበዙ ገጹ ይሰፋል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይጠባል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የአንዱን ጥቅም ከሌላው ጉዳት ጋር ሳይመዝን አንዳች ሊወስን አይችልም።

በዚህ ረገድ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ሙከራ አለ። የካርቦን ክር እንደ ተሠራ ወዲያው ሲታይ ውሃን አይወድም፤ ውሃ በቅቤ በታሸ ቆዳ ላይ ተንከባልሎ እንደሚወርድ፥ ፈሳሹም ክሩን በሚገባ ሳያርስ ያልፋል። ስኪላስ-ካዛኮስ ከባልደረባቸው ጋር በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ይህን ንጣፍ በተራ አየር ውስጥ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ሰዓት ማቆየት ምን ውጤት እንዳለው ገለጡ። ከመቶ እጅ ከተሞላው ኀይል 78 እጁን ብቻ ይመልስ የነበረው ሴል 88 እጁን መለሰ። የሚባክነው ከ22 እጅ ወደ 12 እጅ ወረደ ማለት ነው። ለዚህም የተጨመረ ውድ ማዕድን አልነበረም፤ ያስፈለገው ምድጃ፥ አየርና ትዕግሥት ነው።

ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሲመረመር፥ የጋለው ክር ከአየር ኦክሲጅን ይይዛል፤ ኦክሲጅን የያዘው ገጽም ውሃን ይቀበላል፥ ለቫናዲየሙም ሥራ ይመቻል ተብሏል። ኦክሲጅኑ በየትኛው ወገን እንዴት እንደሚያግዝ ግን ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ካርቦኑ ይቃጠላል፥ ክሩም ይደክማል። የወፍጮ ድንጋይ ሲሟልጥ እንደሚወቀር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በውቅራቱ የድንጋዩ ዐይነትና ትልቅነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው እህሉን የሚነካው ገጹ ነው። ድንጋዩ ሲወቀር ከልክ ካለፈ መሰንጠቁ እንደማይቀርም የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የሴሉን አቀማመጥ የለወጡ ሌሎች ተነሡ። በ2012 በአሜሪካ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው፥ በወፍራሙ ንጣፍ ፈንታ ስስ የካርቦን ወረቀት ከገለፈቱ ጋር አጣብቀው፥ ፈሳሹም በሰሌዳው ላይ በተቀረጹ ቦዮች እንዲመጣ አደረጉ። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው መንገድ ስላጠረ፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ ከ500 ሚሊዋት የሚበልጥ ኀይል ለማግኘት ቻሉ፤ ይህም ቀድሞ ከነበሩት ሴሎች በብዙ የላቀ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል ቢባል መልሱ ግልጽ ነው። ከአንድ ሴል ሁለት እጥፍ ኀይል ቢገኝ፥ ለአንድ ጣቢያ የሚያስፈልገው የሴል ብዛት በግማሽ ይቀነሳል፤ ውድ የሆነው ገለፈትም እንዲሁ። ወራጅ ባትሪ በአንድ ሊትር የሚይዘው ኀይል ከሊቲየም ባትሪ በብዙ ያነሰ ስለ ሆነ ለተሽከርካሪ አይመችም፤ በአንድ ስፍራ ተተክሎ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል የሚሠራ ነው። በጃፓን በሆካይዶ ደሴት በ2015፥ 15 ሜጋዋት ለአራት ሰዓት የሚሰጥ ጣቢያ ተሠርቷል፤ በቻይና በዳልያን ከተማ ደግሞ በ2022፥ 100 ሜጋዋት ለአራት ሰዓት የሚሰጥ ጣቢያ ከመሥመር ጋር ተገናኝቷል። ቢሆንም የቫናዲየም ዋጋ ውድነትና መለዋወጥ ሥራውን እስከ ዛሬ ያከብደዋል፤ በመሆኑም በኤሌክትሮዱ የሚገኘው ቍጠባ ሁሉ ይፈለጋል።

ክቡራን መምህራን፤

በብዙ የትምህርት ክፍሎች፥ «ኤሌክትሮድ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ ዘንግ ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪውም በቃሉ አጥንቶ በፈተና ቀን ይመልሳል። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ነገሩን በዚያ የሚያቆም ተማሪ፥ ከሲድኒው ምድጃ የወጣውን ንጣፍ ቢያየው ካልጋለው ለይቶ የሚጠይቀው ጥያቄ አይኖረውም። ሁለቱም ያው ጥቁር ካርቦን፥ ሁለቱም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ናቸውና። ልዩነቱ የሚታየው «ፈሳሹ በገጹ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ለሚጠይቅና ለክቶ ለሚያነጻጽር ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ለማስጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቅባት በነካውና በታጠበ ቍራጭ ጨርቅ ላይ አንዳንድ ጠብታ ውሃ አንጠባጥቦ፥ የትኛው እንደሚጠጣና የትኛው እንደሚያንከባልል ማሳየት፥ ከዚያም ምክንያቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ መተው ይበቃል። የሚሰጡትም መልስ ትክክል ባይሆን እንኳ፥ በማግሥቱ ሌላ ጨርቅ ይዘው ሊፈትኑት ይችላሉ።