በኦቶማን ልብስ የተሣሉ አውሮፓውያን፦ ልብሱን ማን ያወልቃል?



በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኳንንትና ባለጸጎች የኦቶማን ልብስ ለብሰው መሣል ይወዱ ነበር። የጄኔቫው ሠዓሊ ዣን ኤትየን ሊዮታር እ.ኤ.አ. ከ1738 እስከ 1742 በቁስጥንጥንያ ኖሮ ሲመለስ ጺሙን አሳድጎ፣ የቱርክ ልብሱን እንደለበሰ በአውሮፓ ይዘዋወር ስለነበር «ቱርካዊው ሠዓሊ» ተባለ። በፈረንሳይ ካርል ቫን ሎ ማዳም ደ ፖምፓዱርን ቡና በምትጠጣ የሱልጣን እልፍኝ እመቤት አምሳል ሥሏቸዋል።

ይህን ልማድ ምሥራቅን እንደ መጫወቻ የመቁጠር ፈሊጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት እንዲሁ ነበር። አንድ ሥዕል ግን ሐሳቤን እንድመረምር አስገደደኝ።

ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጊው የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት ሆነው በ1717 ቁስጥንጥንያ ገቡ። ቋንቋውን አጠኑ፤ በ1718 ወንድ ልጃቸውን እንደ አገሩ ልማድ የፈንጣጣ መከላከያ አስከተቡ። በደብዳቤዎቻቸውም የከተማይቱ ሴቶች ተሸፍነው፣ ማንነታቸው ሳይታወቅ እንደ ልብ መውጣት መግባታቸውን አድንቀው ጻፉ። ስለዚህ ያ ልብስ ለእርሳቸው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከነፃነት ጋር የተያያዘ ሐሳብ ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1725 ገደማ፣ በቱርክ ልብስ የተሣሉበት ሥዕል የጆናታን ሪቻርድሰን እንደሆነ ይነገራል። በሥዕሉ ላይ ከእርሳቸው ሌላ አንድ ጥቁር ልጅ አለ። በአንገቱ ዙሪያ የብረት ቀለበት ይታያል፤ ይህም የባርነት ምልክት ነው። የሥዕሉ ርእስ የእመቤቲቱን ስም እንጂ የልጁን አይጠራም።

እመቤቲቱ የለበሱትን መርጠው ለበሱ፤ በፈለጉ ጊዜም ያወልቁታል። ልጁ ግን ቀለበቱን አልመረጠም፤ በገዛ ፈቃዱም አያወልቀውም። የነፃነት መታሰቢያ የሆነው ሥዕል ነፃነት የተነፈገውንም በአንድነት ይዟል። ወደ ቫን ሎ ሥዕል ብንመለስ፣ ቡናውን የምታቀርበው ጥቁር ሴት ናት።

የሌዲ ሜሪ አድናቆት ሐሰት ነበር አልልም። እውነተኛ አድናቆትና ጭካኔን አለማስተዋል በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊያድሩ መቻላቸው ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ስትመረምሩ ልብሱ የማን አገር ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሊያወልቀው የሚችለው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ በርእሱ ያልተጠራውንም በመግለጫችሁ ውስጥ ጻፉት።