የመጀመሪያ ካሜራ ስለ መግዛትና መኪና ፎቶ ስለ ማንሳት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። አንደኛው «ልጄ ካሜራ ግዢልኝ እያለ አስጨንቆኛል፤ የትኛው ይሻላል?» የሚል የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «መኪና እያነሳን እንጀራ ልናገኝበት እንችላለን ወይ?» የሚል የወጣቶቹ ጥያቄ ነው። ለሁለቱም ባንድነት መልስ እንድንሰጥ ስለታዘዝን እነሆ ቀርበናል። እኛ በሙያው የተመረቅን ሰዎች አይደለንም። በዕቁብ ገንዘብ ካሜራ ገዝተን፣ እየተሳሳትን የተማርን ሦስት ጎረቤታሞች ነን። ስለዚህ የምንነግራችሁ ስሕተታችንንም ሳንደብቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ግዢው።

ዲ ኤስ ኤል አር የሚባለው ካሜራ በውስጡ አንዲት መስታወት አለችው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በእሷ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቷ ቀጭ ብላ ትነሳና ብርሃኑ ወደ ሴንሰሩ ያልፋል። ሌንሱ ደግሞ እየተፈታ ይቀየራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ዛሬ ካኖንም ሆነ ኒኮን ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል። ይህ ግን ኪሳችን ለሳሳ ሰዎች ክፉ ወሬ አይደለም። ብዙ ሰው አሮጌውን እየሸጠ አዲሱን ስለሚገዛ፣ ያገለገለ ዲ ኤስ ኤል አር በቀላሉ ይገኛል፤ ለመማሪያም ከበቂ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ 3300 እና በ2018 የወጣው ካኖን 2000 ዲ ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ሬብል ቲ 7 ልላክልህ?» ካለ፣ ያው ካኖን 2000 ዲ ነውና እሺ በሉት፤ ስሙ ነው እንደ አገሩ የሚለያየው።

እኛ የወደቅንበትን እንንገራችሁ። ያጠራቀምነውን ሁሉ ቦዲው ላይ አፈሰስነውና ለሌንስ የቀረን ጥቂት ሆነ። ከዚያ ርካሽ አሮጌ ሌንስ አገኘን ብለን ተደሰትን። ቤት ወስደን ብንገጥመው ገጠመ፤ ነገር ግን ፎከስ አላደርግም አለ። ሌንሱ አልተበላሸም፣ ካሜራውም አልተበላሸም። ጥፋቱ ሳንጠይቅ የገዛነው የኛ ነው። የኒኮን አነስተኛ ካሜራዎች፣ ማለትም የዲ 3000 እና የዲ 5000 ተከታታዮች፣ ፎከስ የሚያዞር ሞተር በውስጣቸው የላቸውም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መኖር አለበት፤ «ኤ ኤፍ-ኤስ» ተብሎ የተጻፈበትን ሌንስ ፈልጉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኛ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ቦዲው መጠነኛ ይሁን፤ ከእሱ ጋር 18–55 የሚባለው ሌንስ ይኑር። በተረፈው ገንዘብ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ፖላራይዘር የሚባል ፊልተር ግዙ። የፊልተሩ ስፋት ሌንሱ ፊት ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሻጩ ፊት እነዚህን አድርጉ፦

1ኛ/ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ውስጡን እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ተዉት።

2ኛ/ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጠረጋል፤ ጭረት ግን አይለቅም።

3ኛ/ ከቅርብም ከሩቅም ፎከስ እንደሚያደርግ ሞክሩ።

4ኛ/ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ጠይቁ። ኒኮኖች በአብዛኛው ይህን ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ ይመዘግቡታል።

5ኛ/ ባትሪውና ቻርጀሩ ከእጃችሁ ሳይገቡ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሁን ወደ መኪናው እንሂድ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ አንዲት የሰፈራችን እናት ባለቤታቸው ትተውላቸው የሄዱትን ቮልስ ለመሸጥ ተገደዱ። «ልጆቼ፣ እስቲ ፎቶ አንሱልኝ» አሉን። እኛም በኩራት ካሜራችንን አንግተን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልክ በ6 ሰዓት ሄድን። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጣሪያዋ ነጭ ሆኖ ጠፋ፣ ጎኗ ጨለመ፣ ከጀርባዋ ደግሞ የተሰጣ ልብስ ይታያል። በ18 ሚሊሜትር ተጠግተን ስላነሳን አፍንጫዋ አብጦ ቂጧ ሟሟ። ያንን ፎቶ አይቶ የደወለ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ጊዜ ትንሽ ተምረን ሄድን። ነገር ግን በዚህኛው የባሰ ጥፋት አጠፋን። በሩ ሥር ላሜራው በዝገት ተበልቶ ነበርና፣ ማዕዘን መርጠን ሸሸግነው። ፎቶው አማረ። አንድ ገዢ ከአዳማ ድረስ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ዝገቱን አየና «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣችሁኝ?» ብሎ ተቆጣ። የተቆጣው በእኛ አልነበረም፤ ምንም በማያውቁት እናታችን ላይ ነው። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያፍሩ ማየት ከባድ ነበር። እኛም ዋሽተን እንዳስዋሸናቸው የገባን ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ይቅርታ ጠይቀን፣ እንዲህ አድርገን አነሳናት።

መጀመሪያ ታጠበች። ከዚያ ከጀርባዋ ባዶ ግንብ ወዳለበት ቦታ ገፍተን ወሰድናት። ሰዓቱን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ አደረግነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቶሎ ትወርዳለች፤ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ዕቃችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ማታ ያመለጠው ሰው ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሞክር።

50 ሚሊሜትሩን ገጥመን ወደ 10 ሜትር ያህል ራቅን። ራቅ ሲሉ የመኪናው ቅርጽ አይዛባም። ቆመን ሳይሆን በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ሌንሱን ከፊት መብራቱ ቁመት ጋር አስተካከልን። ፊቷም ጎኗም እንዲታይ ማዕዘን ላይ ቆምን። ቸርኬው ወደ ካሜራው እንዲዞር መሪውን ጠመዘዝን። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አድርገን፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8፣ አይ ኤስ ኦ 100 አደረግን።

መኪና ማለት መስታወት ማለት ነው። በተለይ ቮልስ ሁለመናዋ ክብ ስለሆነ ሰማዩንም፣ ምሰሶውንም፣ እኛንም ታሳያለች። ፖላራይዘሩ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። በዝግታ ስታዞሩት ከመስኮቱና ከቀለሙ ላይ ነጸብራቁ ሲቀንስ ታያላችሁ። በኒኬል ላይ ግን አይሠራም። ብርሃንም ስለሚቀንስ መቆሚያው የግድ ነው። ደማቅ ልብስ ለብሳችሁም አትሂዱ፤ በሩ ላይ ትታያላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ካሜራው ሁሉን ነገር ግራጫ ማድረግ ይወዳል። ነጭ መኪና ሲሆን ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ጨምሩ፤ ጥቁር ሲሆን በአንድ ቀንሱ።

ከዚያም ዝገቱን ለብቻው፣ ስቱኮ የተለጠፈበትን ለብቻው፣ የተቀደደውን ወንበር ለብቻው ከቅርብ አነሳን። ታርጋውን ሸፈንን። እናታችን ፎቶዎቹን አይተው «አሁን እሷን ትመስላለች» አሉ። የመጣው ገዢ ምን ሊያይ እንደመጣ ያውቅ ነበርና ያለ ጠብ ተስማሙ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ካሜራው ያው ካሜራ ነበር፣ የተለወጥነው እኛ ነን።

የሚሄድ መኪና ማንሳት የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። ፍጥነቱን 1/1000 ካደረጋችሁት ጎማው ደርቆ የቆመ መኪና ይመስላል። 1/60 አድርጉና፣ ወገባችሁን እያዞራችሁ መኪናውን በካሜራው ተከተሉት፤ እየተከተላችሁ ጠቅ አድርጉ። መኪናው ጥርት ይላል፣ ጀርባው ይሮጣል። ከሃያው ሁለቱ ከተሳካላችሁ ተደሰቱ። ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የውድድር መኪና ሲያነሳ፣ የካሜራው መጋረጃ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ጎማው ሞላላ ሆኖ ወደ ፊት ዘመመበት፤ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ዘመሙ። ዛሬ ያ ፎቶ በዓለም የታወቀ ነው። ያልተሳካ የመሰላችሁን ሁሉ ቶሎ አታጥፉ። ነገር ግን እባካችሁ ከእግረኛ መንገድ አትውረዱ፤ ለአሽከርካሪውም አስቀድማችሁ ንገሩት።

እንጀራ ይሆናል ወይ ላላችሁት፣ ሊሆን ይችላል፤ ግን ባንድ ጀምበር አይደለም። የሚሸጥ መኪና አለ፣ የሠርግ መኪና አለ፣ ቀለም ቀብቶ ሥራውን ማሳየት የሚፈልግ ጋራዥ አለ። መጀመሪያ የጎረቤትን በነጻ አንስታችሁ አሥር ጥሩ ፎቶ ያዙ። ደግሞም የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በየደጃችን የቆሙት አሮጌ መኪናዎች ነገ ትዝታ ይሆናሉና፣ ሳይሸጡና ሳይፈርሱ እናንሳቸው።

በመጨረሻም ለጠየቁን እናት፦ ልጅዎ ለጊዜው በስልኩ ይጀምር። ማዕዘኑን፣ ሰዓቱንና ጀርባውን በስልክም መማር ይቻላል። አንድ ወር ሙሉ ጧትና ማታ ተነስቶ ካነሳ፣ ያን ጊዜ ካሜራ ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ የኛን ካሜራ በየተራ ለሰፈሩ ልጆች ለማዋስ ሦስታችንም ተስማምተናል። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ግቢ እንገናኝ። መኪና ያላችሁ ጎረቤቶችም አጥባችሁ አምጡልን፤ ዝገት ቢኖራትም አትፈሩ።