ድቅል ውሻን ማወቅ

ድቅል ውሻ ከተለያዩ ዝርያዎች የሚወለድ በመሆኑ መልኩን ብቻ አይቶ ጠባዩን መናገር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ቤተሰብ ውሻውን የሚያውቀው አብሮ በመኖር ነው።

ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜው ጓሮ ታስሮ የሚውል ቡችላ ሲያድግ እንግዳ ባየ ቁጥር ሊሸበር ይችላል። አዲስ የመጣ ትልቅ ውሻ ደግሞ ራሱ ቀርቦ እጅ እስኪያሸት በትዕግሥት ይጠበቃል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ከንፈሩን ደጋግሞ ሲልስ ጨንቆታልና ልጆች ፈቀቅ ይበሉለት፤ ሲበላና ሲተኛም አይነካ። ለቡችላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስተኛ ወሩ ገደማ ይጀመራል፤ የእንስሳት ሐኪም በሚሰጠው ቀጠሮም ይደገማል።