የጎጃም አርበኞች ብልሃት፤ ለእኛም ያለው ትምህርት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች የአርበኞችን ጀግንነት እየሰማን አድገናል። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ግን ስለ ጀግንነታቸው ሳይሆን ስለ አስተሳሰባቸው ነው።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ አውሮፕላን፥ መድፍና የመርዝ ጋዝ ነበረው። የጎጃም ገበሬ ያለው ውጅግራና ምንሽር ነበር። ይህንኑም ሊያስፈታው ቢነሣ፥ በ1930 ዓ.ም. አገሬው በብዛት ሸፈተ። እነ በላይ ዘለቀ፥ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ በሜዳ ፊት ለፊት መግጠም መጥፋት መሆኑን ዐውቀው ገደሉንና ሌሊቱን መረጡ። መሣሪያ ከጠላት ማረኩ፤ ስንቅ ከገበሬው አገኙ። ጠላትም ደብረ ማርቆስን፥ ቡሬንና ዳንግላን በመሰሉ ምሽጎች ታጥሮ ቀረ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ሲገባ ጦርነቱን አልጀመረውም፤ ሲካሄድ አገኘው እንጂ።

ጉድለቱንም አንደብቅ። መንገሻና ነጋሽ ተቀናቃኞች ነበሩ፤ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ የተስማሙት በዚሁ በሳንድፎርድ ሸምጋይነት ነው። ጥይቱን ከጠላት የነጠቀ ሰው ዕርቁን ከባዕድ ተቀበለ! በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ የሸሸው ብዙ ሺህ የጠላት ጦር አባይን በሰላም ተሻገረ። መሻገሪያውን በላይ ዘለቀ ይዘጋዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ለምን እንዳልዘጋው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኛ ፈራጆች አይደለንም። ነገር ግን ያ ጦር እጁን የሰጠው በግንቦት ነው፤ በመካከሉ ስንት ሰው ወደቀ!

እንግዲህ ራስን መቻል ማለት ብቻን መቆም አይደለም። በገደል ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ያድናል፤ መሻገሪያ የሚዘጋው ግን የተማመነ ሕዝብ ነው።

እኛስ? በዚህ ግቢ በወንዝ ልጅነት ተከፋፍለን እንቀመጣለን። ስንጣላም አስተዳደሩ እስኪያስታርቀን እንጠብቃለን። ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን፤ ከየአገሩ ልጆች አምስት ሽማግሌዎች ዛሬውኑ እንምረጥ፥ ጠባችንንም ከደጅ ሳይወጣ ራሳችን እንጨርስ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነውና።