ወሰን የማያግደው በሽታ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ካላዛር ነው። ይህ በሽታ በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ከወሰኑም ማዶ በሱዳን በገዳሪፍ በኩል ይገኛል። አስተላላፊዋ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖር፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ናት። ሠራተኛው ሲያርም ውሎ በሜዳ ላይ ሲተኛ ሌሊት ትነክሰዋለች። ከዚያም ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል።

ዝንቢቱም በሽተኛውም ወሰን ስለማይለዩ፣ አንድ መንግሥት ብቻውን ካላዛርን ሊያጠፋ አይችልም። ስለዚህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ባለሙያዎች በካርቱም ተሰብስበው አንድ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። በአራቱ አገሮች፣ በእኛም በጎንደርና በአርባ ምንጭ በተደረገው ጥናት፣ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው የመርፌ ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር በ17 ቀን እንደሚፈጸም ተረጋገጠ፤ በ2010ም የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ተቀብሎ መከረ። ለቀን ሠራተኛ የ13 ቀን ትርፍ የቤተሰብ እንጀራ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ስምምነት በዋና ከተማ ቢጻፍም የሚፈጸመው በወረዳ ነው። በ2005 ገደማ በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ፣ በሽታው በዚያ አገር የማይታወቅ ስለ ነበር በመጀመሪያ ወባ መስሎ ታየ። በዚህም ጊዜ ባከነ፤ ሕይወትም ጠፋ።

አሁን ደግሞ በዋግ ኽምራ ያለችውን ሰሃላን እናስብ። ከዚያ ለሥራ ቆላ ወርዶ ታሞ የተመለሰ አገው ወንድማችን ሕመሙን አጥርቶ የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ በኽምጣና ነው። «የት ስትሠራ ከረምህ?» ብሎ በቋንቋው የሚጠይቀው ከሌለ፣ የወባ መድኃኒት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የአራት መንግሥታትም ድካም ከደጃፉ ሳይደርስ ይቀራል።

በሱዳን በ2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ተሻግሯል። እንዲህ ባለው ጊዜ ትብብሩ ሊጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባውም።

ስለዚህ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወገኖች፣ የመድኃኒት መጠየቂያው፣ የበሽተኛው መላኪያ ወረቀት፣ የአስተርጓሚው መቀጠሪያ ደብዳቤ በእጃችሁ ያልፋል። ከጠረጴዛችሁ ላይ አንድ ሳምንት የሚያድር ወረቀት ከበሽተኛው ዕድሜ የሚቀነስ ነውና፣ ዛሬውኑ ይፈረም።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥልን።