በሰፈሩት ቁና



እኔ የአዴት ልጅ ነኝ። ገበያ ላይ ጤፍ በጣሳ ሲሰፈር እያየሁ ነው ያደግሁት። ቂጡ ወደ ውስጥ በጎበጠ ጣሳ የሚሰፍር ነጋዴ ሁልጊዜ እኩል ይሰፍራል፤ ግን ሁልጊዜ አጉድሎ ነው። መጉደሉ የሚታወቀው ከሌላ ልክ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። ይህን ላቦራቶሪ ገብቼ መርሳቴን ዛሬ ልናዘዝላችሁ ነው።

ከዓመታት በፊት አክስቴ እኔ በምሠራበት ቦታ ኮሌስትሮሏን ተለካች፤ 244 ሚሊግራም በዴሲሊትር። መድኃኒት ታዘዘላት። በዚያው ሳምንት፣ መድኃኒቱን ሳትጀምር ሌላ ቦታ ብትለካ 214 ሆነ። ሁለቱን ወረቀት ይዛ መጣችና «ልጄ፣ ማንን ልመን?» አለችኝ። «የኛን ነዋ!» አልኋት። የየዕለቱ ኮንትሮላችን ንቅንቅ ብሎ አያውቅማ!

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የጥቂት ታካሚዎችን ሲረም ለሁለት ከፍለን፣ ግማሹን የውጭ ጥራት ምዘና ወዳለው ላቦራቶሪ በበረዶ ላክን። በሁሉም ላይ የኛ ውጤት ከፍ ብሎ ተገኘ። ለካ የአንዱን ኩባንያ ሪኤጀንት በሌላው ኩባንያ ካሊብሬተር እያስተካከልን ኖሯል። የኮንትሮሉን ትክክለኛ ቁጥር ያወጣነውም ከራሳችን ማሽን አማካይ ስለነበር፣ ለስህተታችን ይመሰክርልን ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንዲሉ፣ በኛ ጣሳ የተሰፈረችው የገዛ አክስቴ ሆነች። ለሐኪሞቹ አሳውቀን ታካሚዎቹን እንደገና ለካን።

ይህ ችግር መፍትሔ አለው፤ እንደ መሰላል ነው። ከላይ፣ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ የሚያቀርበው የጠራ ኮሌስትሮል አለ። ቀጥሎ እነ አቤልና ኬንዳል እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት የማነጻጸሪያ ዘዴ፤ ከዚያ በዘዴው የተለካ የሰው ሲረም፤ ከዚያ የኩባንያዎች ካሊብሬተር፤ መጨረሻ ላይ የታካሚው ወረቀት። አንድ እርከን ከተሰበረ ከታች ያለነው አየር ላይ ነን። የአትላንታው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ለጠቅላላ ኮሌስትሮል ከእውነተኛው ልክ መዛነፍ የሚፈቅደው እስከ 3 በመቶ ነው። የሰው ኮሌስትሮል ከቀን ቀን ትንሽ ቢለዋወጥም፣ የአክስቴ ወረቀቶች ልዩነት 14 በመቶ ነበር።

ማነጻጸሪያውም የታካሚን ሲረም መምሰል አለበት። ደርቆ ዱቄት የሆነና በውሃ የሚበጠበጥ ሲረም በአንዳንድ ሪኤጀንት ላይ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ስለዚህ የሚመረጠው ምንም ያልተጨመረበት፣ በብርቱ ቅዝቃዜ የተቀመጠ የሰው ሲረም ነው።

ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። መምህራን፣ ተማሪው «ኮንትሮሉ አለፈ» ብሎ እንዳይቆም፣ «ካሊብሬተሩ ልኩን ከየት አገኘ?» ብሎ መጠየቅን አስተምሩት። በግዥ ኮሚቴ ያላችሁ፣ ርካሹን ሪኤጀንት ከመምረጣችሁ በፊት ከካሊብሬተሩ ጋር መግጠሙን በጽሑፍ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ በማነጻጸሪያ ዘዴ የተለካ ሲረም በጥልቅ ማቀዝቀዣ አስቀምጦ፣ ከአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ለአዴት፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ላቦራቶሪዎች ያድርስልን።

አክስቴን «የተሳሳተው የኛው ነው» ብያታለሁ። ትንሽ ዝም አለችና «ከኔ በፊትስ ስንቱ ተሰፈረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚህ ነው።